በሩ ብቻ ደህና ነው

ይድረስ ለምወድዎትና ለማከብርዎት አባቴ፤

አባባ፣ እንደምን ሰነበቱ? ጉልበትዎ እንዴት ነው? ደረጃውን ሲወርዱ አሁንም የመጨረሻዋን እርከን ይረሷታል ወይስ እማዬ ከዘራውን በግድ አስያዘችዎት? ዓይንዎስ? ባለፈው ደብዳቤ ግራው ጥላ ጥላውን ብቻ ነው የሚያየው፣ ቀኙ ግን ለእኔም ለእናትህም ይበቃል ብለው አስጽፈዋል። ሳነበው ሳቅኩ፤ ከሳቅኩ በኋላ ግን ወረቀቱን አጥፌ ትራሴ ሥር ከተትኩት። የእማዬስ ደም ግፊት? መድኃኒቱን ትውጣለች ወይስ አሁንም መሀረቧ ውስጥ እየቋጠረች ታስቀምጣለች? እኔ ፈጣሪ ይመስገን ደህና ነኝ። ከናፍቆታችሁ በቀር የሚያመኝ ነገር የለም። ደህና ያልሆነችው መኪናዋ ናት።

እትዬ፣ እዚህ ላይ ትንሽ አረፍ በይና ስሚኝ። ለአባባ ደብዳቤ ስታነቢላቸው ክፉ ክፉውን እየዘለልሽ ደግ ደጉን ብቻ እንደምታሰሚያቸው አውቃለሁ። ልጅ ሆነን የትምህርት ቤት ውጤቴን ለእማዬ ስታነቢላትም እንዲሁ ነበር የምታደርጊው፤ ያኔ ስንት ግርፊያ እንዳመለጥኩ እኔና አንቺ ነን የምናውቀው። ዛሬ ግን እንዳትዘዪ። የዛሬ ሁለት ወር መኪናዋ መብራት እየበራባት እንደሆነ፣ ጠዋት ጠዋትም ሆዷ መሬት ነክቶ እንደማገኛት አንድ ሙሉ ገጽ ጽፌ ነበር። የአባባ መልስ ሲመጣ፣ መኪናዋ ያለ አንዳች እንከን እየሄደች መሆኑን በመስማታቸው ደስ እንዳላቸው ይናገራል። ያንን ገጽ የበላሽው አንቺ ነሽ። ለደግ ብለሽ ነውና አልተቀየምኩም። የዛሬውን ግን ከነጉዱ አንብቢው።

አባባ፣ መኪናዋን ለምን እንደገዛሁ ደግሜ ልንገርዎት። ረስተውት ሳይሆን፣ ሰሞኑን እኔው ራሴ እየረሳሁት ስለተቸገርኩ ነው። የጌቶች ሹፌር ሆነው ሠላሳ አንድ ዓመት ነዱ። በዚያ ሁሉ ዘመን የኋላውን ወንበር አንድ ቀን ተቀምጠውበት አያውቁም። ጠርገውታል፣ ቆዳውን ቅባት ቀብተውታል፣ በሩን ከፍተው ዘግተዋል፤ መቀመጥ ግን አልተቀመጡም። ልጅ ሳለሁ መኪናው በራችን ላይ ቆሞ ከኋላ ልገባ ስል ክንዴን ያዝ አድርገው፣ እሱ የእኛ ቦታ አይደለም ያሉኝን አልረሳሁትም። እናም ያንኑ ዓይነት፣ ያንኑ ጥቁር፣ ሰው ነድቶ የጠገበውን መኪና ሳገኝ ዓይኔን ጨፍኜ ገዛሁ። ለዓይን ሕክምናው ሲመጡ ከአውሮፕላን ማረፊያ ተቀብዬ፣ ከኋላ አስቀምጬ ልወስድዎት። ሌላ ምክንያት የለኝም። ልብስ አጣቢ የጌታ መኪና ምን ያደርግለታል?

የሸጠልኝ ሰውዬ እጁን ደረቱ ላይ አድርጎ፣ እንደ ሙሽራ ነው የያዝኳት ብሎኝ ነበር። እኔም እንደ ሚዜ አመንኩት። በሁለተኛው ሳምንት ዳሽቦርዱ ላይ ቢጫ መብራት በራ፤ በሦስተኛው ቀይ ተጨመረ። ከዚያ አንድ ጠዋት ስወጣ እንደ ደከማት ላም ከኋላዋ ተንበርክካ አገኘኋት። ይህችኛዋ መልኳ ያው ቢሆንም በኋላ የተሠራች ናትና እርስዎ የሚያውቁት ሞላ የላትም፤ የሚሸከሟት አየር የሚነፋባቸው ከረጢቶች ናቸው፣ አንዱ ይተነፍሳል። የመጀመሪያው ጋራዥ ከረጢቱ ነው አለኝ፤ ተቀየረ። ሁለተኛው ከረጢቱ ምንም አልሆነም፣ የሚነፋው ፓምፕ ነው አለኝ፤ እሱም ተቀየረ። ሦስተኛው ደግሞ ሁለቱንም ቀይረህ ነው እንዴ የመጣኸው ብሎ አዘነልኝ። ሁሉም ሲናገሩ ልክ ይመስላሉ፤ እኔ መሀል ላይ ቁልፌን ይዤ የተባልኩትን ሁሉ እሺ እላለሁ። የበሽታውን ስም የማያውቅ አስታማሚ ሆኛለሁ።

ሥራዬ እንደሚያውቁት የሆስፒታል ልብስ ማጠቢያ ውስጥ ነው። ቀኑን ሙሉ እርጥብ አንሶላ ከማሽን ስጎትት እውላለሁ። የደሙ ነጥብ በምን እንደሚለቅ፣ የመድኃኒቱ በምን እንደሚለቅ፣ ጨርቁን ዳሰስ አድርጌ አውቃለሁ። መኪና ላይ ሲሆን ግን ይኸው እጅ ምንም አያውቅም። እርስዎ መንገድ ዳር ቆመው የሚያልፈውን መኪና ድምፅ ሰምተው የሞተሩ ካንዴላ ሊያልቅ ነው ይሉ ነበር። ያንን ጆሮ ሳላወርሰው ቀረሁ እንዳይሉ፤ ሳልወርሰው የቀረሁት እኔ ነኝ።

በዚህ መሀል ነው የእርስዎ ደብዳቤ የደረሰኝ። እሑድ እሑድ ሞተሯን በውሃ እጠባት፣ ሞተሩ ያልታጠበ መኪና ፊቱን ብቻ ታጥቦ ሠርጉ የሚሄድ ሙሽራ ነው ይላል። አባባ፣ ደስታዬን እንዴት ልንገርዎት። በመኪና ጉዳይ ለመጀመሪያ ጊዜ የማውቀው ሥራ ተገኘ! ማጠብ! ከሥራ ቦታዬ አንሶላ የምንዘፈዝፍበትን ሳሙና በጠርሙስ ይዤ መጣሁ። ኮፈኗን ከፈትኩ፣ የውሃውን ጎማ ከቧንቧው ሰካሁ፣ ከዚያ ከጥግ እስከ ጥግ አጠብኳት። ሁለቴ አለቀለቅኳት። በንጹሕ ፎጣ አደረቅኳት። ሞተሩ እንደ ሸክላ ሳህን አበራ፤ የላይ ቤት ጎረቤቴ ሳትቀር ወርዳ አየችና እጅህ ይባረክ አለችኝ። ከዚያ ገብቼ ቁልፉን አዞርኩ። ወይ ፍንክች።

በገመድ ተጎትታ አራተኛ ጋራዥ ገባች። እዚያ ያለው መካኒክ መነጽሩን በክር አንገቱ ላይ የሚያንጠለጥል ሽማግሌ ነው፤ ሁሉም ጋሼ መነጽር ይሉታል። ሞተሩን አልሰማውም፣ አልነካውም፤ ስልክ የመሰለ ነገር ሰክቶ ብዙ አነበበ። ከዚያ ቀና ብሎ፣ በውሃ አጥበሃታል አለኝ። አዎ አልኩት። ማን አዘዘህ አለኝ። እዚህ ላይ አባባ፣ ዋሸሁ። ማንም አላዘዘኝም፣ ራሴው ነኝ አልኩት። በኋላ የመጣ መኪና ኮምፒዩተሩ ከሞተሩ ጎን ነው የሚቀመጠው፣ ውሃ ጠጥቶ ሞቷል አለኝ። ምትኩ ከሩቅ አገር ነው የሚታዘዘው፣ የዚች ዓይነት አሁን ስለማይሠራ መቼ እንደሚመጣ አላውቅም፣ መምጣቱንም አላውቅም ብሎ መነጽሩን አወለቀ። ትንሽ ሄድ ካለ በኋላ ግን ዞር አለና፣ በእኛ ጊዜ ሞተር በውሃ ነበር የሚታጠበው፣ ያዘዘህ ሰው ሥራውን የሚያውቅ ነው አለኝ።

ስለዚህ አባባ፣ አደራዎን፣ ይህን ሰምተው ራስዎን እንዳይወቅሱ። እርስዎ ያዘዙት ጤነኛ ናት ተብሎ ተነቦልዎት ነው፤ ያውም በእጅዎ ለሚያውቋት ዓይነት መኪና። ያልጠየቅኩት እኔ ነኝ። ባለፈው እሑድ ስደውል እውነቱን ልነግርዎት ቆርጬ ነበር። እርስዎ ግን ገና ድምፄን ሲሰሙ ያቺ ልጅ እንዴት ናት ብለው ስለ መኪናዋ ጠየቁ፤ እኔም ደህና ናት አልኩ። አፈር ልብላ፣ ዋሸሁዎት። እትዬ ደግሞ በደብዳቤዎ ጠርዝ ላይ በደቂቅ ፊደል ጨምራ፣ አባባ አዲስ ሙሉ ልብስ አሰፍተዋል፣ በሹፌር ካፖርት ከኋላ አይቀመጥም እያሉ ለፀጉር አስተካካዩ ነግረውታል፣ እሱ ከሰማ ደግሞ ያልሰማ የለም ብላ ጽፋልኛለች። 

ጭንቀቴን አይታ አብራኝ የምትሠራዋ አንሶላ አጣፊ አንድ መላ አመጣች። የዚሁ ዓይነት መኪና የሚያከራዩ አሉ፣ ለአንድ ቀን ተከራይና አባትህን ተቀበላቸው፣ ዓይናቸው ደክሟል፣ አይለዩትም አለችኝ። ክፋት የላትም፤ አንጀቷን በልቻት ነው። አልደብቅዎትም፣ ሄድኩ። ያው ጥቁር፣ ያው መልክ፣ ተወልውሎ ቆሟል። የኋላውን በር ከፍቼ ዘጋሁት። ጣ! አለ፤ የቆርቆሮ ድምፅ። መኪና በበሩ ይታወቃል፣ ሌላውን ሁሉ ቀለም ይሸፍነዋል እያሉ እርስዎ የሚናገሩት ነገር ትዝ አለኝ። ዓይንዎን ማታለል ይቻል ይሆናል፤ ጆሮዎን የሚያታልል ግን ገና አልተወለደም። ደግሞስ አባቴን እንዴት አድርጌ ነው የዓይንዎን ጨለማ ተገን አድርጌ የማታልለው? አፍሬ ተመለስኩ።

አሁን ቅዳሜ ቅዳሜ ጋራዡ ሄጄ እጠይቃታለሁ፣ ሰው በሽተኛ እንደሚጠይቀው። ከመሪው ፊት ተቀምጬ የማደርገው ነገር ስለሌለኝ ከኋላ መቀመጥ ጀመርኩ። ከዚያ የሚታየው ምን መሰለዎት? መንገዱ አይደለም። ከፊት የሚታየው የሹፌሩ ማጅራት ነው። ለካ ጌቶች ሠላሳ አንድ ዓመት ሙሉ ያዩት የእርስዎን ማጅራት ነው። ስንት ቀን ከፍቶዎት ነድተዋል፣ እኔ የታመምኩ ጊዜ ስንት ሌሊት ሳይተኙ አድረው ነድተዋል፣ ፊትዎን ያየው ግን የለም። ይህን ሳስብ እንባዬ መጣ። ጋሼ መነጽር ጨርቅ አቀበለኝ፤ ለካ ዘይት የጠጣ ጨርቅ ኖሯል፣ ፊቴን እንደ ከሰል አጥቁሬ አውቶቡስ ተሳፈርኩ። ወደው አይስቁ አሉ።

አባባ፣ ምን ላድርግ? ላም አለኝ በሰማይ፣ ወተቷንም አላይ ሆነብኝ። ያልጠየቅኩት ሰው የለም፤ ያላንኳኳሁት በር የለም። በሚቀጥለው ወር ሲመጡ መኪናዋ አትደርስም። ከአውሮፕላን ማረፊያ የምንሄደው በአውቶቡስ ነው፤ አዲሱ ልብስዎ እንዳይቆሽሽ ወንበሩ ላይ የማነጥፈው ንጹሕ አንሶላ ይዤ እመጣለሁ፣ እሱ እንኳ አያቅተኝም። ሐኪሙ ጋ ከመሄዳችን በፊት ግን፣ ዓይንዎ የቻለውን ያህል እያየ ሳለ፣ ጋራዡ ጎራ እንበል። ጋሼ መነጽር የዚያን ቀን መኪናዋን በማንሻው፣ በክሪክ፣ አንስቶ ቀጥ አድርጎ ሊያቆምልኝ ቃል ገብቷል። ከዚህ ያለፈ እሱም እኔም የምንችለው የለም። ሞተሯ አይነሳም፣ መብራቷ አይበራም፣ የመስኮቷ መስታወትም ግማሽ ወርዶ ቀርቷል። ከሁሉ ነገሯ ደህና የሆነው የኋላው በር ብቻ ነው። ሲዘጋ ዛሬም ድም ይላል፣ ልክ እርስዎ እንደሚወዱት። መኪናዋ የትም አትወስድዎትም አባባ። በሩን ግን እኔ እከፍትልዎታለሁ። ገብተው ሲቀመጡም እኔ እዘጋልዎታለሁ።

እማዬን ጉልበቷን ሳሙልኝ፤ መድኃኒቱ መሀረብ አያድንም በሏት። ዝምተኛው አማቻችን ሰላምታዬን ሰምቶ ራሱን እንደሚነቀንቅ አውቃለሁ፣ እሱ ለእኔ ይበቃኛል። መኪናዋ ስትተኛ ታንኮራፋለች ወይ ብሎ ያስጠየቀኝን የእትዬን ልጅ፣ ቀድሞ ታንኮራፋ ነበር፣ አሁን ጸጥ ብላለች በሉልኝ። ለፀጉር አስተካካዩ ጎረቤታችን ነገሩን እንደወደዱ ይንገሩት፤ እኔ ባፍር አባቴ አይፈር። እትዬ፣ እስከዚህ ሳትዘዪ ካነበብሽ እግዜር ይስጥሽ። አሁን ለአባባ ውሃ ስጪያቸውና አንቺም እንባሽን ጥረጊ።

ይቅርታዎን የሚለምን ልጅዎ፣
ጋራዥ ውስጥ፣ ከቆመችው መኪና የኋላ ወንበር ላይ ተጻፈ፤
ቅዳሜ፣ መጋቢት ፱ ቀን።