ቻርጅ የሚፈልግ ማርሽ ለመረጡልን ሰብሳቢ

ለበረሃ ኮከብ ብስክሌት ክለብ የቦርድ ሰብሳቢ
ሰመራ

ክቡር ሆይ፣

ይህ ደብዳቤ ሲደርስዎ የቢሮዎ ማቀዝቀዣ ሳይቋረጥ፣ ጄኔሬተርዎ ነዳጅ ሳያጣ፣ እርስዎም በሙሉ ጤና ከወንበርዎ ጋር እንደተስማሙ እንዲያገኝዎ እመኛለሁ። እኛ ደህና ነን። ሙቀቱም እንደሚያውቁት ነው፤ ማለቴ ከመስኮትዎ እንደሚያዩት ነው።

ከሁሉ አስቀድሜ ለማንም፣ ለንስሐ አባቴ እንኳ ነግሬው የማላውቀውን አንድ ነገር በአደባባይ ልነግርዎ ተነሥቻለሁ። ይህን ያደረግሁት ስለደፈርኩ አይደለም፤ ከፍጥረት ሁሉ ነገሩን ሊረዱልኝ የሚችሉት እርስዎ ብቻ ስለሆኑ ነው።

ባለቤቴ በላይ፣ ነፍሱን ይማረውና፣ በወጣትነታችን አዋሽ ሳለን በአንድ የእርሻ ድርጅት ጸሐፊ ነበር። ቀጭን ጎማ ያለው የብረት የውድድር ብስክሌት ነበረው። ወደ ድሬዳዋ ለሚሄዱ ተወዳዳሪዎች መምረጫ ውድድር በተዘጋጀ ጊዜ እኔ አዲስ ሙሽራ ነበርኩና የባሌ ብስክሌት ከሌሎቹ ይልቅ እንዲያብረቀርቅ ተመኘሁ። ከጅቡቲ በገላፊ በኩል ከሚመለስ አንድ ሾፌር እጅ እንደ ብር የሚያበራ የኋላ ማርሽ መቀየሪያ ገዛሁ። ለምን እንደሚያገለግል አላውቅም ነበር፤ ከእኛው ጋር ይስማማ አይስማማም አልጠየቅሁም። ለበላይ ግን አዋቂ የመረጠው ነው አልኩት። እሱም አምኖኝ ተራውንና አሮጌውን ፈትቶ አዲሱን አሰረ። በውድድሩ ቀን ከአዋሽ ብዙም ሳይርቅ የዕቃው ሞላ ተፈናጠረና ሰንሰለቱን ከኋላ ጎማው ጋር ቆላለፈው። በላይ ብስክሌቱን በትከሻው ተሸክሞ በፀሐይ ተመለሰ። «ብሎኑን ከመጠን በላይ አጥብቄው ነው፤ የገዛ እጄ ነው ያጠፋው» አለ። እስኪሞት ድረስ ይህንኑ ለሰው ሁሉ ሲናገር ኖረ። እኔም በሰማሁት ቁጥር ተነሥቼ ውኃ እቀዳለት ነበር።

ክቡር ሆይ፣ እኔ ይህን ያደረግሁት በአንዲት ዕቃ ነው፤ እርስዎ ግን በስምንት ሙሉ ብስክሌት ስላደረጉት በፊትዎ ማፈሬን ትቻለሁ።

ማን እንደሆንኩ ይጠይቁ ይሆናል። አስረሳች ኃይለ ልዑል እባላለሁ፤ ከጀማሉዲን ምግብ ቤት አጠገብ ባለችው ቤት የምኖር፣ ከሰው ብዙ የማላወራ ሴት ነኝ። ንባብ የለመድኩት ስኳር ተጠቅልሎበት በሚመጣ ጋዜጣ ስለሆነ የብዙ ታሪኮችን መጨረሻ አላውቅም። የእርስዎን ማስታወቂያዎች ግን ሳይቀደዱ ስላገኘኋቸው እስከ ማኅተማቸው አንብቤያቸዋለሁ። ጽሕፈት ቤትዎ ቁጥር የሌለበትን ነገር አያነብም ሲባል ሰምቻለሁና ምስጋናዬን በቁጥር አቀርባለሁ።

አንደኛ፣ ለክለባችን ልጃገረዶች ስለመረጡት ማርሽ ከልብ አመሰግናለሁ። ከሰመራ ሰርዶ የሚወስደው መንገድ አብዛኛው ሜዳ እንደሆነና በዚያ ላይ ብርቱው ዳገት ነፋሱ ብቻ እንደሆነ ልጆች ሁሉ ያውቃሉ። እርስዎ ግን አርቀው በማየት የኋላ ጥርሱ እንደ ሰፌድ የሚሰፋ፣ ገደል ለመውጣት የተሠራ ብስክሌት አስመጡልን። ተራራው በዚያው ኮንቴይነር አብሮ አለመምጣቱ ብቻ ትንሽ ቅር አሰኝቶናል። በነፋስ ላይ የሚጋልብ ሰው እግር ትንንሽ ደረጃ እንደሚወድ፣ ከአንዱ ጥርስ ወደ ሌላው ርቆ ሲዘል ግን ምቱን እንደሚስት በላይ ይነግረኝ ነበር። የእሱ ብስክሌት ከኋላ አምስት ቀለበት ብቻ ነበራት፤ ትንሹ አሥራ አራት ጥርስ፣ ትልቁ ሃያ ሁለት። ድሃ ሰው ስለነበረ የሚያስፈልገውን ብቻ ይመርጥ ነበር።

ሁለተኛ፣ ማርሹ እንደ ስልክ ቻርጅ የሚደረግ፣ «ዘመኑን የዋጀ» መሆኑን በክለቡ መክፈቻ በዓል ላይ ስላበሠሩን አመሰግናለሁ። እርስዎ ይህን የሚያበሥሩት ድንኳን ውስጥ ነበር። ልጃገረዶቹ ደግሞ ከሰርዶ ተነሥተው ወደ ድንኳኑ እየመጡ ነበር። በዋዜማው መብራት ጠፍቶ ማደሩን፣ ጄኔሬተሩም ለማቀዝቀዣው ብቻ እንደበቃ ማን ያስታውስዎት? ማርሾቹ መንገድ ላይ አንድ በአንድ እንቅልፍ ወሰዳቸው፤ ሲተኙም በዚያ ሰፌድ በሚያህለው ጥርስ ላይ ነበር። ስምንቱ ልጃገረዶች እግራቸው እንደ ስፌት መኪና እየተሽከረከረ በፍየል ፍጥነት ተጓዙ፤ በመጨረሻም ፍየል የጫነ አንድ አይሱዙ ከነብስክሌታቸው አሳፈራቸው።

አፋሮች መንገድ ላይ ሲገናኙ ቆመው ወሬ ሳይለዋወጡ እንደማይተላለፉ ያውቃሉ፤ ዳጉ ይሉታል፤ በዳጉ መዋሸት ትልቅ ነውር ነው። ስለዚህ መኪናው ሳይደርስ ከተማው ሁሉ ነገሩን ከነፍየሎቹ ቀለም ያውቅ ነበር። ያላወቀው መድረኩ ብቻ ነው። «ጀግኖቻችን በሚያስደንቅ ፍጥነት እየቀረቡ ነው!» የሚለው የመድረክ መሪዎ ድምፅ እስካሁን በጆሮዬ አለ። ደግሞም አልዋሸም፤ አይሱዙው በእርግጥ ይፈጥን ነበር።

ሦስተኛ፣ የምርመራ ኮሚቴ አቋቁመው የጥፋቱን ምክንያት በፍጥነት ስላገኙ አመሰግናለሁ። ምክንያቱ ከስምንቱ አንዷ፣ የጀማሉዲን ልጅ ነኢማ ሆና ተገኘች። ሌሎቹ ተስፋ ቆርጠው ጥላ ሲፈልጉ እሷ ብቻ ወርዳ ሰንሰለቱን በጣቷ ወደ ትንሹ ጥርስ ልትገፋ ሞክራ ስለነበር፣ ዕቃው ላይ ጭረት ተገኝቷል። ማስታወቂያዎ «ብልሽቱ የደረሰው በተወዳዳሪዋ የአያያዝ ጉድለት ነው» ይልና የመጨረሻ ማስጠንቀቂያ ሰጥቶ በዚያው ከክለቡ ያሰናብታታል። አንዲት ልጅ አንዱን ብስክሌት በጣቷ ነክታ ሌሎቹን ሰባት እንዴት እንዳበላሸች ሊቃውንት ቢያጠኑት መልካም ይመስለኛል።

ጀማሉዲን የወሎ ሰው ነው፤ ሐዘኑንም በጨዋታ ይሸፍናል። ያን ሰሞን ግን በራፌ ላይ ቆሞ፣ «እትዬ አስረሱ፣ ወላሂ ልጄ ተለወጠችብኝ። ብርጭቆ ስታነሣ እንኳ እጇን እያየች ነው። አንቺ ሳህኑን ለደንበኛ ውሰጂ ስላት፣ አባባ እጄ ዕቃ ያበላሻል ትለኛለች» አለኝ።

ይህን ዓረፍተ ነገር ከዚህ በፊት ሰምቼዋለሁ። በዚህ ጊዜ ውኃ ልቀዳ አልተነሣሁም፤ ወንበር ላይ ወጥቼ ከሞተ ጀምሮ ተሰቅሎ የኖረውን የበላይን ብስክሌት ከግድግዳው አወረድኩ።

ብስክሌቷን በጥቂት ቃል ልግለጽልዎ፤ ምናልባት ለሚቀጥለው ግዢ ይጠቅምዎታል። ቴላዮው፣ ማለት የብስክሌቱ አጽም፣ ብረት ነው፤ ቢሰነጠቅ ሰርዶ ላይ ይበየዳል። ማርሹን የሚቀይረው ከቴላዮው ቱቦ ላይ የተሰካ አንድ ማንሻና አንድ ሽቦ ነው፤ ሽቦው ቢበጠስ የሞተር ሳይክል ሽቦ ይተካዋል። ባሌ ከፊት የሚወደው ሃምሳ ሁለት ጥርስ ነበር፤ ነኢማን ጉልበቷን ስላሳመማት በአርባ ስምንት ለወጥነው፤ የሟች ምርጫ ነው ብዬ የሕያዋንን ጉልበት አልሰብርም። የሚያብረቀርቅ ነገር አላስገባሁም። ነኢማ መጀመሪያ እጇን ከኋላዋ አድርጋ ቆማ ትመለከት ነበር። ካቻቢቴውን ስሰጣት አልቀበልም አለች። ብሎኗ ስትወድቅብኝና ጎንበስ ማለት ሲያቅተኝ ግን ሳታስበው አነሣቻት።

«እትዬ፣ ይሄ ማንሻ ቁጥር የለውም እኮ! የትኛው ማርሽ ላይ እንዳለሁ በምን አውቃለሁ?» አለችኝ።

«በጆሮሽ» አልኳት። ሰንሰለቱ ካጉረመረመ ትንሽ መግፋት ነው፤ ዝም ካለ መተው ነው።

«ቻርጁስ?»

«አባትሽ ቤት ያለው ፉል ነው።»

ሳቀች። ጀማሉዲን ከወጥ ቤቱ ሮጦ ወጥቶ ምን እንደተፈጠረ ጠየቀ፤ የልጁን ሳቅ ከሰማ ቆይቶ ነበር። ከዚያ በኋላ በየንጋቱ ሰርዶ ደርሳ ትመለሳለች። የሰርዶው ጎሚስታ ሙእሚን ብስክሌቷን ዞሮ አይቶ፣ «ይቺን እኔ በመዶሻ አድናታለሁ። ለእነዚያ ለስምንቱ ግን ሐኪም ፈልጉላቸው» ብሏል አሉ። የክለቡን ክብር ስለሚነካ ይህን ባልጻፈው ይሻል ነበር፤ ግን ጽፌዋለሁ።

አራተኛ፣ እሑድ ለሚደረገው የመምረጫ ውድድር ስላወጡት ደንብ አመሰግናለሁ። ከክለቡ ውጭ ያለ ሰውም መመዝገብ ይችላል ተብሎ ነበርና ነኢማ ተስፋ አድርጋ ነበር። ደንቡ ግን የብረት ቴላዮ ያለውና የማርሹ ብዛት ከሃያ በታች የሆነ ብስክሌት «ለከተማዋ ገጽታ ግንባታ ስለማይመጥን» እንደማይመዘገብ ይገልጻል። የከተማዋ ገጽታ ከፍየል ጋር በአይሱዙ ሲገባ ያልተነካ፣ በነኢማ አምስት ቀለበት ሊፈርስ መሆኑን አላወቅንም ነበር፤ ስላስጠነቀቁን እናመሰግናለን። ለምዝገባ አብሬያት ሄጄ ነበር። በመስኮቱ ያለው ወጣት ሠራተኛዎ ብስክሌቷን አይቶ፣ «ማዘር፣ ይሄ ሳይክል ነው ወይስ የአልጋ ብረት?» ብሎ ጠየቀኝ። ነኢማ ግን፣ «አልጋስ የእናንተ ነው፤ ተኝቶ አይደል የሚውለው!» አለችው። ከኋላችን የተሰለፉት ሁሉ ሳቁ፤ ልጁም ራሱ ሳቀ፤ ከሳቀ በኋላ መስኮቱን ዘጋው።

አምስተኛውን ትቼዋለሁ። ስለ ኮርቻው ምርጫ ነበርና በእኔ ዕድሜ ያለች ሴት በደብዳቤ የምትጽፈው አይደለም።

እንግዲህ ክቡር ሆይ፣ ምስጋናዬን እዚህ ላይ ልግታና የምለምንዎትን ልንገርዎ። ብስክሌቶቹን ይመልሱ አልልም፤ ሰው በሚያብረቀርቅ ነገር መታለሉን ከእኔ በላይ የሚያውቅ የለም። የምለምንዎት በበርዎ ላይ የተለጠፈው የነኢማ ማስጠንቀቂያ እንዲነሣ፣ በቦታውም የመረጥነው እኛ ነን፣ ጥፋቱም የምርጫችን ነው የሚል አንድ መስመር እንዲለጠፍ ነው። ከዚያም እሑድ ጠዋት ከሌሎቹ ጎን እንድትሰለፍ ነው። ይህን መስመር መጻፍ ከባድ እንደሆነ አውቃለሁ። እኔ ዕድሜ ልኬን ሳልጽፈው ኖሬ፣ ሊሰማኝ የሚገባው ሰው አፈር ከገባ በኋላ ነው ዛሬ የጻፍኩት። እርስዎ ግን ዕድለኛ ነዎት፤ የበደሏት ልጅ ከቢሮዎ ሁለት በር አልፋ በሕይወት አለች።

ለጤናዎ፣ ለማዕረግዎ፣ ለማኅተምዎና ለማቀዝቀዣዎ ረጅም ዕድሜ እየተመኘሁ፣ ከፊትዎ ቆሜ እጅ ለመንሣት ተራ ስላልደረሰኝ ከሩቅ እጅ የምነሣ፣ አክባሪዎ

አስረሳች ኃይለ ልዑል

ማሳሰቢያ፦ ደንቡ የግድ ነው ካሉ አንከራከርም። ውድድሩ የእርስዎ ነው፤ የሚካሄድበት የጅቡቲ መንገድ ግን የከባድ መኪናና የግመል ነው፤ አንዳቸውም ደረታቸው ላይ ቁጥር ለጥፈው አያውቁም። ነኢማ እሑድ ለመነሣት ከወሰነች ተወዳዳሪዎችዎ እስኪወጡ በትሕትና ጠብቃ ከኋላቸው ትወጣለች። ቀድማቸው ከገባች ዋንጫ አንጠይቅም። የምንጠይቅዎት ሜዳሊያውን በሚያጠልቁላት ልጅ ጆሮ፣ ማንም ሳይሰማ፣ ሁለተኛ መሆኗን እንዲነግሯት ብቻ ነው፤ በዳጉ ከምትሰማው ከእርስዎ ብትሰማው ይሻላታል።

ትነሣ አትነሣ ግን ገና አልነገረችኝም። ማስጠንቀቂያው ባለበት በር ፊት ስታልፍ አሁንም እጇን ኪሷ ትከታለች። ስለዚህ ይህን ደብዳቤ በሦስት ቅጂ ጽፌዋለሁ። የእርስዎ በመዝገብ ቤት በኩል፣ በደንቡ መሠረት፣ በጊዜው ይደርስዎታል። አንደኛው ሰርዶ ጎማ ለሚያስጠግኑ ሾፌሮች እንዲነበብ ለሙእሚን ይሄዳል። ከሁሉ በፊት ግን ዛሬ ጠዋት፣ ቀለሙ ሳይደርቅ፣ ለነኢማ በእጇ እሰጣታለሁ።