ስድስተኛውን ማርሽ በዓይናቸው ማየት ለፈለጉት ኃላፊ

ይድረስ ለተከበሩ የቦርከና ማዶ የተሽከርካሪ ምርመራ ጣቢያ ኃላፊ፤
ከሚሴ።

የአላህ ሰላምና እዝነት በእርስዎ፣ በቤተሰብዎና በተለይም በማኅተምዎ ላይ ይሁን። ጤናዎ እንደምን ሰንብቷል? እኛ ወደ ቢሮዎ በመመላለስ እግራችን ጠንክሯል፤ ለዚህም አልሐምዱሊላህ።

ዓዲላ ሙሐመድዘይን እባላለሁ፤ ከአባቴ ጋር በጋራዡ የምሠራ መካኒክ ነኝ። ለአሥራ አንድ ወር በየሳምንቱ ፊትዎ ስለቆምኩ መልኬን ይዘነጉታል ብዬ አልሰጋም።

ጉዳያችን ያቺ ሁለት ሰው ብቻ የምትይዝ፣ ሸራ ጣሪያዋ የሚታጠፍ አሮጌ ቀይ የስፖርት መኪና ናት። ባለ አምስት ማርሽ ካምቢዮዋ ጥርሱ ረግፎ ሁለት ዓመት ቆማ ነበር። መለዋወጫው ከየትም ሲጠፋ አባቴ አዲስ አበባ ሶማሌ ተራ ድረስ ሄዶ፣ ከተገለበጠች ታናሽ እህቷ የወጣ ባለ ስድስት ማርሽ ካምቢዮ አገኘ። መያዣውን በየደ፣ ወደ ኋላ እግር የሚሄደውን ዘንግ አሳጠረ፣ የማርሹን ቀዳዳ አሰፋና ገጠመው። ይህን ሲሠራ ዓይኑ እየደከመ ነበር። ደሴ ያሉት ሐኪም ለጊዜው መንዳት እንደሚችል፣ ብርሃኑ ግን ዓመት ላይቆይ እንደሚችል ነግረውታል። ምኞቱ አንዲት ብቻ ነበረች፤ ዓይኑ ሳይጠፋ እናቴን ዘምዘምን ከጎኑ አስቀምጦ፣ በጨፋ ሜዳ ላይ በገዛ እጁ ስድስተኛ ማርሽ ማስገባት። ለዚህ የቀረችው የእርስዎ የዓመታዊ ምርመራ ቦሎ ነበረች። ስለዚህ ምስጋናዬን በተራ አቀርባለሁ።

አንደኛ፣ ፋይላችን ላይ «አምስት ማርሽ» ተብሎ ስለተጻፈ ትርፉን አውጥተን እንድንመጣ ስላዘዙን አመሰግናለሁ። ማርሽ እንደ ትርፍ ጣት ተቆርጦ የሚጣል መስሎዎት ሳይሆን፣ ለፋይሉ ካለዎት ክብር የተነሳ እንደሆነ ይገባኛል። አባቴም «ቶሌ፣ እሺ» ብሎ ወጣ። በሩ ጋ ሲደርስ ሳቁ ስላመለጠው በእሱ ስም ይቅርታ እጠይቃለሁ።

ሁለተኛ፣ ስድስተኛው መሥራቱን በዓይንዎ ሳያዩ እንደማይፈርሙ ስለነገሩን አመሰግናለሁ፤ ጥንቃቄ ደግ ነው። ግቢዎ ከበሩ እስከ ግንቡ አርባ ሁለት እርምጃ ነው፤ ለክቼዋለሁ። ሦስተኛ ሳይገባ ግንቡ ይደርሳል። በደሴ መንገድ ላይ ወጥተን እናሳይዎ ስንል፣ ቦሎ የሌላት መኪና መንገድ ላይ እንደማትወጣ አስረዱን። እውነትዎን ነው፤ እኛም ሁልጊዜ በአይሱዙ ጭነን ነበር የምናመጣልዎት። ስድስተኛው እንዲታይ ቦሎ፣ ቦሎ እንዲሰጥ ስድስተኛው ያስፈልግ ነበር ማለት ነው። እንዲህ ያለ ነገር ለማሰብ ብዙ መማር እንደሚጠይቅ አላጣሁትም።

ሦስተኛ፣ ይኼኛው እስካሁን እንቅልፍ ይነሳኛል። እኛ መካኒኮች ካምቢዮ ስንፈትን የመኪናውን እግር በክሪክ ከመሬት እናነሳለን። አባቴም ክሪኩን ተሸክሞ ግቢዎ መጣ፤ የኋላ ጎማዎቿን አንስቶ፣ ሞተሩን አስነስቶ፣ ከአንድ እስከ ስድስት በየተራ አስገባ። ጎማዎቹ አየር ላይ ሲከንፉ ለራሳቸው ጉዳይ የተሰለፉት የባጃጅ ሾፌሮች ሳይቀሩ «ማሻ አላህ» አሉ። እርስዎ በጥሞና ተመልክተው ሲያበቁ በቅጹ ላይ «መኪናው ከቦታው አልተንቀሳቀሰም» ብለው ጻፉ። ሐሰት ጻፉ ብሎ የሚከስዎት ሰው አይገኝም።

አራተኛ፣ ነገሩን ወደ ኮሚቴ ስለመሩልን። ኮሚቴው ለሰባት ወር አልሞላም፤ አንዱ አባል ሥልጠና ሲሄድ ሌላው ስብሰባ ነበረው። በእነዚያ ወራት አባቴ መጀመሪያ የመፍቻ ቁልፎቹን ቁጥር ማንበብ አቃተው፤ ቀጥሎ በሩ ላይ የቆመውን ደንበኛ መለየት፤ በመጨረሻም የእናቴን ፊት። ይህን በየደረጃው በሦስት ማመልከቻ አሳውቄዎታለሁ፤ ሦስቱም ገቢ ሆነዋል። ባለፈው ሐሙስ ኮሚቴው ሞልቶ፣ መኪናዋን ሳያይ በአንድ ድምፅ ፈቀደ።

እስከዚህ ድረስ በትሕትና ጽፌያለሁ። አንድ ጊዜ ግን በግልጽ ልናገር፤ ተናድጃለሁ፣ ልቤም አዝኗል። እኛ የጠየቅንዎት የአንድ ከሰዓት በኋላ መንገድ ነበር።

ፋይልዎ ገጽ የማይጎድለው፣ ግንብዎ ከቆመበት የማይነቃነቅ፣ እርስዎም ለልጅ ልጅ የሚተርፍ ዕድሜና ከሁሉ በላይ የጠራ ዓይን የተሰጠዎት ይሁኑ እያልኩ፣ ወንበርዎን እጅ ነስቼ እሰናበታለሁ።

አክብሮቷ ከቀጠሮዎ የማያንስ፣
ዓዲላ ሙሐመድዘይን
መካኒክ፣ ከሚሴ

ማስታወሻ፦ ቦሎዋን ለአባቴ በእጁ ሰጠሁት። በአውራ ጣቱ ዳር ዳሯን ዳሰሳትና «አብሽሪ ልጄ፣ ይኸው መጣች አይደል» አለኝ። ቆየት ብሎ «የዘንድሮው ቀለሟ ምንድን ነው?» ብሎ ጠየቀኝ። መልሱን እርስዎ ጋራዡ ድረስ መጥተው እንዲነግሩልኝ እለምናለሁ። ጥያቄው በጽሑፍ መቅረብ ካለበት ይህ ደብዳቤ ገቢ ይደረግልኝ።