ለሐያት የተላከ ፊልም

ሰኞ፣ ኅዳር 1

ፊልሙን ዛሬም አየሁት። ቁልፍ እየተከልኩ። እማ የምትሸጠው ልባሽ ሸሚዝ ግማሹ ቁልፍ የለውም። ማታ አክስቴ ስትደውል የትኛው ቦታ እንዳሳቀኝ ትጠይቀኛለች። መልስ መያዝ አለብኝ።

የፈረንሳይ ፊልም ነው። ቋንቋው አይገባኝም። አክስቴ ዘሃራ በቴሌግራም ስትልከው ታሪኩን በድምፅ አስረድታለች። ከአፍሪካ የሄደች እናት ፓሪስ ውስጥ ሆቴል ታጸዳለች፤ በሕፃንነቷ ትታት የሄደችው ልጅ አድጋ ትመጣለች። አክስቴም እዚያው አገር ሆቴል ነው የምታጸዳው። የሥራ ጓደኞቿ ሲያዩት በሳቅ ሞቱ አለች።

የሚያስቀው ቁም ሳጥኑ ነው። ቤቱ የተፈቀደው ለሁለት ሰው ነው። ተቆጣጣሪ በመጣ ቁጥር ዘመድ ሁሉ ቁም ሳጥን ውስጥ ይታጨቃል። ወፍራሙ አጎት በሩን ይዞ ይወድቃል። አባ እንባው እስኪመጣ ሳቀ። እኔ ልጅቷን አየሁ። ተቆጣጣሪው ሄዶም አልወጣችም።

ደብተሬ፣ ፊልሙ የተላከው ለእኔ አይደለም። ለሐያት ነው። ሐያት የአክስቴ ልጅ። እኛ ጋ ነው ያደገችው፣ ከእኔ ጋር አንድ ፍራሽ ላይ። ባለፈው ክረምት በወባ ሞተች። እዚሁ የምንኖርበት ጉቴ ነው የተቀበረችው። አክስቴ አታውቅም።

ረቡዕ፣ ኅዳር 3

ለአንቺ ካልነገርኩ ለማን እነግራለሁ።

ያኔ ኔትወርክ አልነበረም። ሲመለስ ሽማግሌዎቹ ሰው አገር ብቻዋን ያለች ሴት በስልክ አትረዳም አሉ። መርዶ በማለዳ ነው፣ ሰው ተሰብስቦ። ስትወድቅ የሚይዛት፣ ውሃ የሚረጫት ያስፈልጋል። እዚያ የሚያውቁት ሰው እስኪገኝ ይቆይ ተባለ። ቆየ።

ከዚያ ደወለች። ሐያትን አገናኙኝ አለች። አባ ስልኩን እጄ ላይ አደረገው። ድምፃችን ይመሳሰላል፣ ድሮም ሰው ይሳሳት ነበር። አቤት እማዬ አልኩ።

ይኸው እስከ ዛሬ ሐያት ነኝ። ካሜራው ተበላሽቷል እንላለን። ፎቶ በሻሽ ተሸፍኜ፣ በጎን በኩል። ልጄ ዝምተኛ ሆነችብኝ ትላለች። ዝምታዬ ለዚህ ይጠቅማል ብዬ አስቤ አላውቅም።

ቅዳሜ፣ ኅዳር 6

አክስቴ እያለቀሰች ደወለች። የሐያት የፈረንሳይ መግቢያ ፈቃድ ወጣ። አዲስ አበባ ኤምባሲ ትቅረብ ተብሏል።

አባ ስልኩን ዘጋ። ዛሬ ይነግራታል ብዬ ነበር። ሰአዳ ትሄዳለች አለ፣ እኔን። እህቴ ልጅ ታገኛለች፣ ሰአዳ ኑሮ ታገኛለች፣ ማን ይጎዳል?

«እኔስ ማንን ላገኝ ነው?» አለች እማ።

አባ ወደ እኔ ዞረ። ከአሁን ጀምሮ በቤት ውስጥም ሐያት ነሽ አለኝ፤ አፍሽ ይልመድ። እሱ አጎቴ፣ እማ የአጎቴ ሚስት። ራት ላይ እንደዚያ ጠራኋት። ሳህኑን ወደ እኔ ገፋ አድርጋ «ብዪ እንግዳዬ» አለች። አልበላሁም።

ሰኞ፣ ኅዳር 8

አከራያችን አዴ ጫልቱ ጠዋት ቧንቧው ጋ «አካም ቡልቴ ሰአዳ» ብላ እንዴት አደርሽ አለችኝ። አባ ከበር ሆኖ ሐያት በያት አላት። ባልዲዋን አስቀመጠች። ሐያት ስትሞት ድንኳን ውስጥ ከእኛ ጋር ያለቀሰች ናት።

አባ ሲገባ በኦሮምኛ አዋራችኝ፤ እሱ ብዙ አይሰማም፣ እኔ የተማርኩበት ነው። እኛ ልጅ ለሰው ስንሰጥ በጉዲፈቻ ነው፣ ሰው እያየ፣ ሁለቱም እናቶች እየታወቁ። ይሄ ምን ይባላል? አለችኝ።  «ፈረንሳይ የሞተ ሰው የምትቀበል ከሆነ ባሌም ወረፋ ይያዝ» አለች። ሻሼን አፌ ላይ አድርጌ ሳቅኩ። ሳቁ ወደ ልቅሶ ዞረ።  ባልዲዬን ሞላችልኝ።

ረቡዕ፣ ኅዳር 10



አክስቴ ዛሬ ስለ አውሮፕላን ማረፊያው ጠየቀችኝ። ፊልሙ ውስጥ እናትየዋ የሌላ ሰው ልጅ አቅፋ ታለቅሳለች፤ የራሷ ልጅ ሻንጣዋን ይዛ አጠገቧ ቆማለች። ሰው እዚያ ላይ ይስቃል። እኔ ግን አልሳሳትም አለች አክስቴ። ከቅንድብሽ በላይ ያለችው ጠባሳሽ አለች አይደል? በር ላይ የወደቅሽ ጊዜ። አለች አልኩ።

ስልኩ ተዘጋ። አባ ሻሼን ገለጥ አድርጎ ጠባሳ የሌለውን ግንባሬን አየ። አውራ ጣቱን ከቅንድቤ በላይ አሳረፈ። ትንሽ ነገር ናት አለ፣ ቀስ ብሎ። አልተቆጣም። እማ የክሩን መቀስ ከአጠገቡ አንስታ ቀሚሷ ስር ከተተችው።

ዓርብ፣ ኅዳር 12

አባ ሥራ ሄዷል። ለአክስቴ ራሴ ደወልኩላት። ደውዬላት አላውቅም። እማዬ፣ አንቺ ባታነሺ የምደውልበት የሰው ቁጥር ስጪኝ አልኩ። ደስ አላት። ከእሷ በታች ያለው ፎቅ ላይ የምትኖር እልፍነሽ የምትባል የአገር ሰው አለች።

ወደ እልፍነሽ ደወልኩ። ሰአዳ ነኝ አልኩ። ስሜን በስልክ ስናገር የመጀመሪያዬ መሰለኝ። ሁሉንም ነገርኳት።  እሑድ ሥራ የለንም አለች። የምናውቃቸውን ሴቶች እሰበስባለሁ፣ በማለዳ፣ ሻይ ሳትጠጣ። ወንድሟ ግን ያውቃል ወይ? አለችኝ።

ቅዳሜ፣ ኅዳር 13

ለእማ ነገርኳት። ወገቧን በነጠላ አሰረች፤ እሱ ነው መልሷ።

ለአባ ቆሜ ነገርኩት።  ይመታኛል ብዬ ግድግዳውን ይዣለሁ። ማን ይይዛታል? አለ ብቻ። እልፍነሽና ሴቶቹ አልኩ። ፊቱን በሁለት እጁ ሸፈነ። የፈቃዱ ነገርስ አለ ከእጁ ውስጥ። ይቅር አልኩ። ተነስቶ ወጣ።

ሲመለስ ጎረቤቱን ሁሉ ጠርቷል። አዴ ጫልቱ አግዳሚ ወንበር አውጥታለች። እህቴን የማረዳት እኔ ነኝ አለ፣ ማንንም ሳያይ።

እሑድ፣ ኅዳር 14፣ ጠዋት

ሰው ግቢውን ሞልቷል።  እዚያ ገና እየነጋ ነው። እልፍነሽ መልእክት ልካለች፦ ደረጃው ላይ ነን፣ ስትደውሉ እንገባለን።

አባ ስልኩን ይዟል። ቁጥሩን አውጥቶታል። አይጫነውም። ከንፈሩ ይንቀሳቀሳል፣ ድምፅ የለውም። እማ ታየኛለች። አዴ ጫልቱም።

ሴቶቹ ብርድ ላይ ቆመዋል።

ልዝጋሽ። ስልኩን ከእጁ እቀበለዋለሁ።