በኢንጂነር ኡሙሰልማ ሀሚዱ ሞት ስለተሰማን ኀዘንና ስላልተመለሰው የኦክስጅን ማሽን

ለአምባ ሥር የመጀመሪያ ደረጃ ሆስፒታል ሠራተኞች፣ ለሐይቅ ከተማና ለአምባሰል አካባቢ ኅብረተሰብ በሙሉ፤

የሆስፒታላችን የሕክምና መሣሪያዎች ክፍል ኃላፊ የነበሩት ኢንጂነር ኡሙሰልማ ሀሚዱ ባደረባቸው ሕመም በደሴ ሲታከሙ ቆይተው ሰኞ ነሐሴ 19 ቀን 2017 ዓ.ም. ንጋት ላይ ወደ አኼራ ሄደዋል። ሥርዓተ ቀብራቸውም በዕለቱ ቤተሰቦቻቸው፣ ባልደረቦቻቸውና የከተማው ነዋሪዎች በተገኙበት በሐይቅ ተፈጽሟል። የሆስፒታሉ ማኔጅመንትና መላው ሠራተኛ የተሰማን ኀዘን ከባድ ነው። ቁጭ ብለን ልናዝን ይገባን ነበር፤ ልባችን ግን አልረጋም። ምክንያቱን ሳንሸሽግ እንገልጻለን።

ኢንጂነር ኡሙሰልማ በ1984 ዓ.ም. በሐይቅ ከተማ ተወለዱ። የአንደኛና የሁለተኛ ደረጃ ትምህርታቸውን በዚሁ ከተማ አጠናቀው በባዮሜዲካል ምህንድስና የመጀመሪያ ዲግሪያቸውን ከያዙ በኋላ በአዲስ አበባ ለዓመታት አገልግለዋል።

በ2014 ዓ.ም. ጦርነቱ ከአካባቢያችን እንዳለፈ ወደ ትውልድ ከተማቸው ተመልሰው ሆስፒታላችንን ተቀላቀሉ። የተረከቡት ባዶ ክፍሎችንና የተቆረጡ የኤሌክትሪክ ገመዶችን ነበር። ከየስቶሩ ጥግ የተገኘውን ስብርባሪ እያገጣጠሙ የማዋለጃ ክፍሉን ሥራ ያስጀመሩት እርሳቸው ናቸው።

በ2015 ዓ.ም. በእርዳታም በግዢም መሣሪያ መግባት ጀመረ። ነገር ግን መሣሪያው በገባ ቁጥር የእጥረት ሪፖርቱ ባሰ እንጂ አልቀነሰም። ኢንጂነር ኡሙሰልማ ነገሩ አላማራቸውም። በእያንዳንዱ ማሽን ላይ አነስተኛ የመከታተያ ቺፕ ለጠፉ፤ በየኮሪደሩም ምልክት የሚቀበል ሣጥን አሰቀሉ። ከዚያ ወዲህ የትኛው ማሽን የት ክፍል እንዳለ፣ ምን ያህል እንደሠራ፣ የአየር ማጣሪያው መቼ መጽዳት እንዳለበት በቢሯቸው ስክሪን ላይ ይታይ ጀመር። ከዋናው መንገድ የሚነሳው አቧራ ማጣሪያዎቹን ከመድፈኑ በፊት ማጽዳት የተቻለው በዚህ ነው።

በ2016 ዓ.ም. የወራቱን መረጃ ሲተነትኑ አንድ ነገር ደጋግሞ ታያቸው። ተፈላጊዎቹ ማሽኖች ዓርብ ከሰዓት በኋላ ምልክታቸው ይጠፋል፤ ሰኞ ጠዋት ይመለሳል። የተበላሸ ቺፕ ቀን አይመርጥም። ማሽኖቹ በየክፍሉ የቺፑን ምልክት በሚያፍን የብረት ሎከር ውስጥ ይቆለፉ ነበር፤ ቁልፉም ከባለቤቱ ጋር ቅዳሜና እሑድን ቤቱ ያሳልፋል። የክፍሎቹ ሠራተኞች ይህን ያደረጉት በክፋት አልነበረም። ባዶ ክፍል ገብተው ያለቀሱ ሰዎች ናቸው፤ እባብ ያየ በልጥ በረየ ነው። ሆኖም የቅዳሜ ሕመምተኛ ሰኞን አይጠብቅም።

ማኔጅመንቱ በጊዜው ሎከር ለመስበርና ቅጣት ለመጣል ተዘጋጅቶ ነበር። ኢንጂነር ኡሙሰልማ አልተስማሙም። በጠቅላላ ስብሰባው ላይ የሰፈሩን ዕድር፣ ቅሬን፣ ምሳሌ አድርገው የተናገሩት ብዙዎቻችን የምናስታውሰው ነው፦ «አብሽሩ፣ እኔ ሌባ አልፈልግም፤ ማሽን ነው የምፈልገው። የቅሬያችን ትልቁ ድስት እማን ቤት እንዳለ የማያውቅ ጎረቤት አለ? ተዋሰ፣ ሠራበት፣ መለሰ፤ አለቀ። ወላሂ የጨቅላ ማሽን ከቅሬ ድስት አያንስም።» ከዚያ ቀን ጀምሮ ስክሪኑ ከቢሯቸው ወጥቶ ሁሉም በሚያልፍበት በካርድ ክፍሉ ፊት ለፊት ተሰቀለ። ማን ምን እንደወሰደ ለጽዳት ሠራተኛውም ለዶክተሩም እኩል ታየ። ሎከሮቹ አንድም ቁልፍ ሳይሰበር ተከፈቱ።

በመስከረም 2017 ዓ.ም. ለግሸን ማርያም ክብረ በዓል ተሳላሚዎች በአውቶቡስ ሲጎርፉ፣ የቀደሙትን ዓመታት መረጃ መሠረት በማድረግ የትኛው ማሽን መቼ ወደ ድንገተኛ ክፍል መዛወር እንዳለበት አስቀድመው አቀዱ። በዚያ ሰሞን ከሆስፒታላችን በማሽን እጦት ወደ ደሴ የተላከ ሕመምተኛ አልነበረም። በዓሉ ዳግም እየደረሰ ነው፤ ዕቅዱን የሚያወጡት ግን የሉም።

አሁን ወደ ጭንቀታችን እንመለስ። ኢንጂነር ኡሙሰልማ ደሴ ተኝተው ሳለ፣ ዓርብ ነሐሴ 16 ቀን ከሰዓት በኋላ፣ ከጨቅላ ሕፃናት ክፍሉ ሁለት የኦክስጅን ማሽኖች የአንደኛው ምልክት ጠፋ። ለመጨረሻ ጊዜ የታየው ከማዋለጃ ክፍል ወደ ተኝቶ ሕክምና በሚወስደው ኮሪደር ላይ ሲሆን፣ በዚያ ኮሪደር ያሉት ሎከሮች ብዙ ናቸው። ከፊሎቹ ባለቤቶች የዓመት ፈቃድ ላይ ናቸው። ስቶሩን፣ ቀዶ ጥገናውን፣ የተበላሹ ዕቃዎች ማከማቻውን ሁሉ ፈልገናል፤ የለም።

ኢንጂነር ኡሙሰልማ ይህን ሰምተው ነበር። እሑድ ማታ በስልክ ያገኟቸው የጨቅላ ሕፃናት ክፍል አስተባባሪ ሲስተር የሺሀረግ ሽታው እንደገለጹልን፣ ስለ ሕመማቸው ሲጠየቁ «ማሽኑ ተመለሰ ወይ?» ብለው ጠይቀዋል። ሲስተር የሺሀረግ ላለማስጨነቅ «ይመለሳል» ብለዋቸዋል። እስከ ዛሬ አልተመለሰም። በዚህ ሰዓት በቀረው አንድ ማሽን ሁለት ጨቅላዎች እየተነፈሱ ነው። ሦስተኛ ቢመጣ የምናገናኝበት ማሽን የለንም።

ስለሆነም በዚያ ኮሪደር ሎከር ያላችሁ ሁሉ፣ ፈቃድ ላይ ያላችሁም ጭምር፣ ዛሬ የቀን ተረኛ ሳይወጣ ከፍታችሁ እንድታሳዩ፣ ሩቅ ያላችሁም ቁልፉን በሰው እንድትልኩ እንጠይቃለን። ማን ወሰደው ብለን አንጠይቅም፤ እርሳቸውም አይጠይቁም ነበር። ሰዓቱ ካለፈ ግን እንሰብራለን። እርሳቸው ሳይሰብሩ የከፈቱትን በሞቱ ሳምንት ሳይሞላ መስበር ለእኛ ሌላ ኀዘን ነው።

ለባለቤታቸው ለአቶ ሙዓዝ ኑርዬ፣ ለልጃቸው ለሂዳያ፣ ለእናታቸው ለወይዘሮ መስኡዳ፣ በአንድ ቢሮ አብረዋቸው ለሠሩ ባልደረቦቻቸውና ለወዳጆቻቸው ሁሉ አላህ ሰብሩን ይስጣችሁ እንላለን። እርሳቸውንም ጀነተል ፊርደውስን ይወፍቃቸው። ክርስቲያኑም ሙስሊሙም ባልደረባችን በየእምነቱ በጸሎትና በዱዓ እንዲያስባቸው አደራ እንላለን።

በትናንትናው ዕለት የሰፈራቸው ቅሬ ለለቅሶው ያዋሰውን ድንኳንና ድስት አጥቦ፣ ቆጥሮ ወደየቦታው መልሷል። አንድም ዕቃ አልጎደለም። ዛሬ ዓርብ ነው፤ የእኛ ማሽን ግን አልተመለሰም።

የአምባ ሥር የመጀመሪያ ደረጃ ሆስፒታል ማኔጅመንትና ሠራተኞች
ሐይቅ፣ ነሐሴ 23 ቀን 2017 ዓ.ም.