በመዳፌ የለካሁት ልጅ

ማክሰኞ፣ ኅዳር 9

ጥፋቱ የብርነሽ ነው። የሟቹ ባሌ እህት ናት። ሶማሌ ተራ ያለውን ሱቋን ዘግታ እየሳለች መጣችና፣ በሰባት ወሩ የተወለደውን የልጅ ልጄን «እደግ!» ብላ እንትፍ እንትፍ አለችበት። ምርቃት ነው ብዬ አሜን አልኩ።

እሁድ ጠዋት ሕፃኑ ጡት እምቢ አለ። ልጄ ሰናይት «እማዬ፣ ሐኪም ቤት እንውሰደው» አለችኝ። ግንባሩን ስዳስሰው ቀዝቃዛ ነው። «ትኩሳት እንኳ የለውም፤ ተይው ይተኛበት» አልኳት። ከሰዓት በኋላ ትንፋሹ ሲቆራረጥ ይዘነው ሮጥን።

ዛሬ ነርሷን፣ ሳያተኩሰው እንዴት ታመመ ብዬ ጠየቅኳት።

«እናቴ፣ ያለጊዜው የተወለደ ልጅ ነጭ የደም ሴሎቹ ገና አልጠነከሩም። ጀርም ሲገባ ቶሎ አይደርሱለትም። ትኩሳት ለማውጣት እንኳ አቅም ያጣል» አለችኝ።

ልክ እንደ ሰፈራችን ዘበኛ፣ ሌባው ከሄደ በኋላ ፊሽካ እንደሚነፋው።

ያኔ ተወልዶ ከሆስፒታል ሲወጣ የሰጡን ወረቀት «መጥባት ካቆመ ወይም ሰውነቱ ከቀዘቀዘ ፈጥናችሁ አምጡት» ይላል። በስልሳ ዓመቴ በተማርኩት ፊደል ጮክ ብዬ ያነበብኩላቸው እኔው ነኝ። ብርነሽም «ወይ ጉድ፣ የኔታ ሆነሽ አረፍሽው!» ብላ ሳቀችብኝ። ከዚያ አጥፌ ትራስ ሥር ከተትኩት። ስድስት ልጅ ያሳደግኩት በመዳፌ እንጂ በወረቀት አይደለም ብዬ።

ሕፃኑ አሁንም በኦክስጅን ነው። ሰናይት አታናግረኝም። ብርነሽን መርገምም ደከመኝ። ከእንግዲህ የማንንም ልጅ ግንባር ዳስሼ «ደህና ነው» አልልም።