የናጋሳኪው ኤሊ

አንስትራዘር፣ ስኮትላንድ
ጃንዋሪ 11 ቀን 1897

ለምሳሳልህ ልጄ ለማግነስ፣

የራንጉን ሙቀት እንዴት ይዞሃል? እኔ ከጉልበቴ በቀር ደህና ነኝ። ይህን ደብዳቤ ብቻህን ሆነህ አንብበው። የመርከብ ሰው የጓደኛውን ደብዳቤ ከትከሻው በላይ አሻግሮ እንደሚያነብ አባትህን አግብቼ ያወቅሁት ነው።

ሚስትህ ኤፊ ሕፃኗን ይዛ አባቷ ቤት ከገባች ዛሬ አሥራ አንደኛ ቀኗ ነው። ሌላ ሰው ከሚነግርህ እኔ ልንገርህ። የተጣላነው በኤሊው ነው። አባትህ በ1874 ከጃፓን፣ ከናጋሳኪ በሱፍ ሸሚዙ ጠቅልሎ ባመጣው፣ ሁለት ልጆቹን ባዘለው የነሐስ ኤሊ።

መቼም በእኛ አገር አዲስ ዓመት ያልጸዳ ቤት አይገባም። የዓመቱ መጨረሻ ቀን ጉልበቴ ይዞኝ ተኝቼ ስለነበር ኤፊን "ቤት ውስጥ ያለውን ብረት ሁሉ ፊትሽን እስኪያሳይሽ ፈትጊው" አልኳት። ከሰዓት ስነሳ ኤሊው እንደ መጠጥ ቤት የናስ ቧንቧ ቢጫ ሆኖ ያብለጨልጫል! የእኛ ኤሊ እኮ ጥቁር ቡናማ ነበር።

"ይሄ ምንድን ነው?" አልኳት።

"ኤሊው ነዋ፣ እማማ። በጡብ ዱቄትና በኮምጣጤ ፈተግኩት። ይህን ሁሉ ዓመት ምን ነክቶት ነው እንዲህ ቆሽሾ የኖረው?"

ያቆሸሽኩት እኔ መሆኔ ነው! ደሜ ፈላ። ነገሩም ገጠመልኝ። ከሁለት ቀን በፊት ወንድሟ ዓሣ ይዞ ዳንዲ ገበያ ሄዷል፤ ቅርጫቱ ደግሞ ተሸፍኖ ነበር። (የዓሣ ቅርጫት የማይሸፈንበት አገር እንደሌለ ያሰብኩት ኋላ ነው።) እግሯ ላይ አዲስ ቦት ጫማ አለ። የአባትህን ኤሊ ሸጠው በምትኩ የገበያ ናስ እንዳስቀመጡ ቅንጣት አልተጠራጠርኩም።

"ለካ እጀ አመል ነሽ! የካፒቴን ቤት እንደ አባትሽ ጀልባ መሰለሽ?" አልኳት። ልጇን በብርድ ልብስ ጠቅልላ ወጣች።

ሐሙስ ዕለት ኤሊውን ለፖሊስ ላሳይ ብዬ፣ በጆንያ ልጠቀልለው ገለበጥኩት። ሆዱ ሥር፣ ጨርቅ በማይደርስበት በእግሮቹ መጋጠሚያ፣ ያ ጥቁር ቡናማ ቀለም እንዳለ ነው። ለካ ጃፓኖቹ ነሐሱን ራሳቸው አጥቁረው ነው የሠሩት። ኤፊም ቆሻሻ መስሏት የፈተገችው በእኔው ትእዛዝ ነው። ሳይገድሉ ጎፈሬ፣ ሳያጣሩ ወሬ ማለት እኔ ነኝ። ቁጭ ብዬ አለቀስኩ።

ወዲያው አባቷ ቤት ሄድኩ። ኤፊ በራፉ ላይ ተቀምጣ ዛጎል እየፈለቀቀች ሥጋውን የዓሣ ማጥመጃ መንጠቆ ላይ ትሰካለች። ቀና ብላም አላየችኝ።

"ኤሊው የራሳችን ነው። ገልብጬ አየሁት" አልኳት።

"ልጅቷንስ?" አለችኝ። "እሷንም ከተወለደች ጀምሮ በጎን ነው የሚያዩዋት። እንደ ኤሊው ገልብጠው ይዩልኛ! ማግነስስ ቢሆን ከኖቬምበር ወዲህ ለምንድን ነው አንዲት መስመር ያልጻፈልኝ? ምን አድርጌው ነው፣ እማማ?"

"የመርከብ ፖስታ ነው፣ ይዘገያል" ብዬ ዋሸኋት።

ልጄ፣ በሴፕቴምበር ስለ ሕፃኗ ጆሮና ፀጉር "የእኛ ወገን አይመስልም" ብዬ የጻፍኩልህ፣ ምንም አይቼ አይደለም። ያም እንደ ቅርጫቱ፣ እንደ ቦት ጫማው ነው። ጫማውን የገዛላት አባቷ ነው፤ ጠይቄ አረጋግጫለሁ። ያን ደብዳቤ አቃጥለው። ለእኔም መልስ አትጻፍ፤ በመጀመሪያው መርከብ ለእሷ ጻፍላት።

ዝምታህ በእኔ የመጣ መሆኑን ልነግራት ሦስት ጊዜ እስከ በሯ ሄጄ ተመልሻለሁ።

እግዚአብሔር ከማዕበልም ከእኔም ምላስ ይጠብቅህ።

እናትህ ግሪዝል