በሰው አልባ ፎቅ መብራት ስለ ማብራት ሙያ

ለተከበሩ የቤት አልሚው ኩባንያ ዋና ሥራ አስኪያጅ፤

ጤናዎ እንደ ቢሮዎ መስታወት የጠራ፣ እንቅልፍዎም በማስታወቂያ ሰሌዳዎ ላይ እንደ ተሳሉት ቤተሰቦች የሰመረ እንዲሆን እየተመኘሁ፣ የከበረ ሰላምታዬን ዝቅ ብዬ አቀርባለሁ። እኔ ልጅ በማስተማር ዕድሜዬን የፈጀሁ ጡረተኛ መምህር ነኝ። ይህን ደብዳቤ በጋዜጣ ማውጣቴን እንደ ድፍረት እንዳይቆጥሩብኝ እለምናለሁ፤ ለቤተሰቤ የዋሉልን ውለታ እንዲህ በቀላሉ በፖስታ ታሽጎ የሚላክ ሆኖ ስላላገኘሁት ነው።

እንደሚያስታውሱት ኩባንያዎ አዲስ ተመራቂዎችን «በሪል እስቴት ዘርፍ የሙያ መንገዳችሁን ፈልጉ» ብሎ ሲጠራ፣ የሕንፃ ምሕንድስና የተማረው ልጄ ከተመረጡት አንዱ ነበር። ወጣቶቹ በየክፍሉ እየተዘዋወሩ ሠርተው በመጨረሻ የሚስማማቸውን ይመርጣሉ ተባለ። ለሰው መጠለያ የሚሠራ ሰው አንገቱን የሚደፋበት ምክንያት የለም ብዬ መርቄ ላክሁት። ልጄ በየክፍሉ ስለ ቀሰመው ትምህርት ምስጋናዬን በተራ አቀርባለሁ።

አንደኛ፤ በሽያጭ ክፍል «አላውቅም» የሚለውን ቃል ከአፉ ስላወጣችሁለት አመሰግናለሁ። ውኃው መቼ ወደ ላይ ይወጣል ብሎ ለሚጠይቅ ገዢ «በቅርቡ»፣ ሊፍቱ መቼ ይሠራል ለሚለውም «በቅርቡ» ብሎ ፈገግ ማለትን ተምሯል። እኔ አላውቅም ማለት የዕውቀት መግቢያ በር ነው እያልሁ ያስተማርሁትን፣ እናንተ በአንድ ክረምት አጸዳችሁት።

ሁለተኛ፤ በዋጋ ግምት ክፍል፣ በግድግዳ ላይ የሚታይ ስንጥቅ በምሕንድስና ስንጥቅ፣ በኩባንያዎ ግን «የቀለም ጉዳይ» እንደሚባል ስላሳወቃችሁት እጅ እነሣለሁ።

ሦስተኛ፤ ከሁሉ የላቀው ምስጋናዬ የሕንፃ አስተዳደር ለተባለው ክፍል ይሁን። ልጄ በዚያ የቁልፍ ዘለላ ተሰጥቶት፣ ሰው ባልገባበት ባለ ስምንት ፎቅ ሕንፃ ውስጥ ምሽት ሲቃረብ ከቤት ቤት እየዞረ፣ እዚህ መኝታ ቤት፣ እዚያ ወጥ ቤት መብራት ያበራ፣ መጋረጃ ይሰቅል፣ በረንዳ ላይም የታጠበ ልብስና የሕፃን ጫማ ያሰጣ ነበር። ቆይቶ ተመልሶ ሲያጠፋም ሰው ሁሉ በአንድ ጊዜ አይተኛምና ወጥ ቤቱን አስቀድሞ፣ መኝታ ቤቱን አስከትሎ ነው። አለቃው ትከሻውን መታ መታ እያደረገ «አይዞህ አንተ ልጅ፣ ብቻህን ስልሳ አባወራ ነህ እኮ!» ይለው እንደ ነበር ሰምቻለሁ። ይህን ሁሉ ለማንም እንዳይናገር አስፈርማችሁት ስለ ነበር ለእኔ የነገረኝ ዘግይቶ ነው።

አራተኛ፤ ስለ እኅቴ። እኅቴ ባሏ የሞተባት፣ ልጆቿ በየአገሩ የተበተኑባት፣ ዝምታ ያንገፈገፋት ሴት ናት። አንድ ምሽት በዚያ ሕንፃ በኩል ስታልፍ የበሩትን መስኮቶችና የተሰጡትን የሕፃን ጫማዎች አይታ፣ ሰው የሞላበት ቤት አገኘሁ ብላ፣ ማናችንንም ሳታማክር የቀድሞ ቤቷን ሸጣ አምስተኛው ፎቅ ላይ ገባች። ልጄን በኮሪደሩ ባገኘችው ቁጥር «ምነው ልጄ፣ ጎረቤቶቼ አይወጡም አይገቡም?» ትለው ነበር አሉ። እርሱም ከእናንተ በተማረው ፈገግታ «ሥራ ይበዛባቸዋል እትዬ» ይላታል።

የደረጃው አምፖል ከመንገድ ስለማይታይ፣ ሊገዛ ለሚመጣ ሰውም ስለማይጠቅም፣ ደረጃው ጨለማ ነበር። እኅቴ በዚያ ጨለማ ደረጃ ስታ ወደቀች፤ ዳሌዋም ተሰበረ። በግራም በቀኝም በየበሩ ሥር ብርሃን ይታያታል። ጮኸች። ስም ስለማታውቅ «የጎረቤት ያለህ!» እያለች ጮኸች። አንድም በር አልተከፈተም። ያገኛት መብራቱን ሊያጠፋ የተመለሰው ልጄ ነው።

ሐኪሙ ዳሌዋ ይጠገናል ብሏል። እኔን ያስጨነቀኝ ሌላ ነው። እኅቴ ቤቴ ተኝታ፣ ፊቷን ወደ ግድግዳ መልሳ፣ «መብራታቸውን አያለሁ እኮ! ሰምተው ነው ዝም ያሉኝ!» ከማለት በቀር ከሰው ጋር መነጋገር ተወች፤ ጠያቂ ሲመጣም ዓይኗን ትጨፍናለች። ክቡርነትዎ ያልነበሩ ሰዎችን ለሽያጭ ፈጠሩ፤ እርሷም ባልነበሩት ሰዎች ምክንያት የሚኖሩትን ሁሉ ጠላች።

አምስተኛ፤ በዚህ ጊዜ ለልጄ የደንበኞች ግንኙነት ኃላፊነት ስለ ቀረበለት ምስጋናዬ ወሰን የለውም። የሹመቱ የመጀመሪያ ሥራ አክስቱ የወደቀችው በራሷ ቸልተኝነት ነው የሚል ወረቀት አስፈርሞ ማምጣት ነበር። ወረቀቱን ይዞ ወደ እኔ መጣና ከላይ የጻፍሁትን ሁሉ ያን ዕለት አንድ በአንድ ነገረኝ። እኔም መንገድህን ፈልግ ብለውሃልና ከአክስትህ አልጋ አጠገብ ፈልገው አልሁት።

ገብቶ ነገራት። እኔ በሩ ላይ ቆሜ ነበር። ፊቷን ከግድግዳው መለሰች።

«ታዲያ ማንም አልነበረም?»

«ማንም አልነበረም እትዬ።»

«ተመስገን!» አለች። «እኔኮ ሰው የጨከነብኝ መስሎኝ ነበር።» ቀጥላም «አንተን ግን ዳሌዬ ይዳን እንጂ፣ ቆይ አሳይሃለሁ!» ብላ እንባዋን ጠረገችና የሚበላ ነገር አምጡልኝ አለች።

እንግዲህ ያልተፈረመውን ወረቀትና የቁልፉን ዘለላ ከልጄ የሥራ መልቀቂያ ጋር ለጸሐፊዎ አስረክበናል። ልጄ በኩባንያዎ ያሉትን የሙያ መንገዶች ሁሉ አይቶ ጨርሷል፤ የመጨረሻው መውጫ በሩ ሆኖ ስላገኘው በዚያው ሄዷል።

የክቡርነትዎን ውለታ እስከ ዕለተ ሞቱ የማይዘነጋው፣ ቁመቱ አጥሮ አንገቱ ግን ያልጎበጠው፣

ጡረተኛው መምህር

ድኅረ ጽሑፍ፦ እኅቴ ሌላ ቤት ስለሌላት ስትድን ወደዚያው ትመለሳለች፤ ልጄም አብሯት ሊኖር አስቀድሞ ገብቷል። ስለዚህ በአምስተኛው ፎቅ የሚበራው አንድ መስኮት ሰው ያለበት መሆኑን አውቆ፣ በልጄ ቦታ የሚተካው ወጣት በስህተት እንዳያጠፋብን ያሳስቡልን። የደረጃውን አምፖል ራሳችን ገዝተን አስገብተናል፤ ከመንገድ ስለማይታይ እርስዎ አያስፈልግዎትም።